ዘረመሉ የተለወጠ ምግብ፦ ሴቶች ይበልጥ የሚጠራጠሩት ለምንድን ነው?

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2014 ለአገሪቱ አዋቂዎች አንድ አጭር ጥያቄ አቅርቦ ነበር፤ ዘረመሉ የተለወጠ ምግብ መብላት ለጤና ያሰጋል ወይስ አያሰጋም? ከወንዶቹ 47 በመቶው አያሰጋም ብለው መለሱ። ከሴቶቹ ግን እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአንድ አገር የሚኖሩ፣ ብዙውን ጊዜም ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች በአንድ ጥያቄ ላይ በ19 ነጥብ ተራራቁ። በአውሮፓና በሌሎች ክፍለ ዓለማት የተካሄዱ ጥናቶችም ተመሳሳይ አዝማሚያ ደጋግመው አሳይተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ቁጥር ያየ ሰው ቶሎ የሚሰጠው ማብራሪያ አለ፦ ሴቶች ሳይንሱን ስለማያውቁት ነው፤ ቢረዱት ኖሮ አይፈሩም ነበር። አባባሉ አንዳንዴ በግልጽ ይነገራል፤ አንዳንዴም «የግንዛቤ ማስጨበጫ» በሚል ለስለስ ያለ ስም ተሸፍኖ ይመጣል። እኔ ይህ ማብራሪያ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱን ሳያውቁ መፍትሔ መፈለግን ያስከትላል፤ ተጠራጣሪዋንም እንደ አላዋቂ ያስቆጥራል።

ስለ አስተያየቱ ከመናገራችን በፊት ስለ ምግቡ ጥቂት እንበል። ዘረመል የአንድ ሕያው ነገር ባሕርይ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍበት መመሪያ ነው። ገበሬዎች የተሻለውን ዘር እየመረጡና እያዳቀሉ ይህን መመሪያ ለሺህ ዓመታት ሲለውጡት ኖረዋል። የዘረመል ምሕንድስና የሚለየው አንድን የተመረጠ ዘረመል፣ አንዳንዴም ከፍጹም የተለየ ፍጡር የተወሰደውን፣ በቤተ ሙከራ በቀጥታ ማስገባት በመቻሉ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ቲማቲም በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በ1994 ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በልውጥ ዘር ከሚሸፈነው መሬት አብዛኛውን የያዙት አራት ሰብሎች ናቸው፤ አኩሪ አተር፣ በቆሎ፣ ጥጥና ካኖላ የተባለው የዘይት ሰብል። በእነዚህ ላይ በብዛት የተጨመሩት ባሕርያትም ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰብሉ የአረም ማጥፊያ ኬሚካል ሲረጭበት እንዳይሞት ማድረግ ነው። ሁለተኛው ተክሉ ራሱ የተወሰኑ ተባዮችን የሚገድል ፕሮቲን እንዲያመርት ማስቻል ነው። እነዚህን ሁለት ባሕርያት አንባቢ በልቡ ይያዛቸው፤ ወደ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ለጤና ያሰጋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሳይንሱ የሰጠው መልስ ግልጽ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ከ900 በላይ የምርምር ሥራዎችን ከመረመሩ በኋላ በ2016 ባወጡት ሪፖርት፣ ገበያ ላይ ያሉት ልውጥ ሰብሎች በተለመደው መንገድ ከተዳቀሉት ይልቅ የሰውን ጤና እንደሚጎዱ የሚያሳይ የተረጋገጠ ማስረጃ አላገኙም። ያው ሪፖርት ግን ኬሚካሉን የተላመዱ አረሞች መበራከታቸው ትልቅ የግብርና ችግር መሆኑን ሳይሸሽግ አስፍሯል። ስለዚህ «ምግቡን ብበላ እታመማለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄና «ይህ ቴክኖሎጂ መልካም ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለየብቻ መታየት አለባቸው። ለመጀመሪያው ጠንካራ መልስ አለን። ሁለተኛው ስለ መሬት፣ ስለ ኬሚካል፣ ስለ ዘር ባለቤትነትና ስለ ሥልጣን የሚነሱ ብዙ ጥያቄዎች ድምር ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነውና። በዚያው የፒው ጥናት ያሰጋል ያሉት ሴቶች 65 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 49 በመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ከወንዶቹም ቢሆን ያሰጋል ያሉት አያሰጋም ካሉት በጥቂቱ ይበልጣሉ። «ወንዶች ተቀብለውታል፣ ሴቶች ፈርተውታል» የሚለው አርዕስት ከመነሻው ልክ አልነበረም። ወንዶች ለሁለት ተከፍለዋል፤ ሴቶች ወደ ጥርጣሬው አመዝነዋል። ሁሉንም አዋቂዎች አንድ ላይ ስንወስድ አያሰጋም ያሉት 37 በመቶ ሲሆኑ፣ በተመሳሳይ ወቅት የተጠየቁት የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር አባላት ግን 88 በመቶ አያሰጋም ብለዋል። በሳይንቲስቶችና በሕዝቡ መካከል ያለው ርቀት 51 ነጥብ ነው። የፆታው ልዩነት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ያልተስማማው አብዛኛው ኅብረተሰብ ነው። ሴቶችን ብቻ ነጥሎ «ችግሩ እናንተ ጋ ነው» ማለት የራስን ጎራ ሳይቆጥሩ የሌላውን መቁጠር ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። ያው ማዕከል በ20 አገሮችና ግዛቶች ያካሄደውንና በ2020 ያሳተመውን ጥናት እንመልከት። የአገሮቹ ውጤት በቅደም ተከተል ሲደረደር መካከለኛው ላይ ያሰጋል ያሉት 48 በመቶ፣ አያሰጋም ያሉት 13 በመቶ ነበሩ፤ 37 በመቶው ደግሞ አስተያየት ለመስጠት በቂ እውቀት የለኝም ብለዋል። እኔን የሚስበኝ ይህ ሦስተኛው ክፍል ነው። መልስ ሰጪዎች ሳያውቁ ሲቀሩ የሚያደርጉት በፆታ ይለያያልና። ስለ ፖለቲካ እውቀት የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ወንዶች እርግጠኛ ባልሆኑበት ጥያቄ ላይ ገምተው የመመለስ፣ ሴቶች ደግሞ «አላውቅም» የማለት ዝንባሌ አላቸው። ሞንዳክና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ በፖለቲካ እውቀት መጠይቆች ላይ በወንዶችና በሴቶች መካከል ከሚታየው ልዩነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከእውቀት ማነስ ሳይሆን ከዚህ የመገመት ልማድ መሆኑን አሳይተዋል። ስለ ምግብ የሚቀርብ መጠይቅም ከዚህ ነጻ ነው ብሎ ለማሰብ ምክንያት የለኝም። አላውቅም ማለት ሐቀኝነት ሆኖ ሳለ በሰንጠረዡ ላይ ግን ድክመት መስሎ ይታያል።

«ስለማያውቁ ነው» የሚለውን ማብራሪያ ግን እንዲሁ በማጣጣል ማለፍ ተገቢ አይደለም፤ በማስረጃ ሊመዘን ይገባዋል። እውቀትና ተቃውሞ ፈጽሞ አይገናኙም ማለት አይቻልም። በ2019 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ልውጥ ምግብን እጅግ አጥብቀው የሚቃወሙ ሰዎች ስለ ጉዳዩ ያላቸው እውቀት ከሁሉ ያነሰ፣ እናውቃለን የሚሉት ግን ከሁሉ የበለጠ ሆኖ አግኝቷቸዋል። በ2015 የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ባካሄዱት መጠይቅም 80 በመቶ ያህሉ አሜሪካውያን «ዲኤንኤ ያለበት ምግብ ሁሉ» መለያ እንዲለጠፍበት ደግፈዋል፤ ዲኤንኤ ግን ዘረመል የሚሠራበት ንጥረ ነገር ሲሆን በማንኛውም አትክልትና ሥጋ ውስጥ ያለ ነው። እነዚህ ውጤቶች የሕዝቡ የሳይንስ እውቀት ምን ያህል እንደሳሳ ያሳያሉ። ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው፤ በወንድና በሴት መካከል ያለውን ልዩነት የሚፈጥረው የእውቀት ልዩነት ነው ወይ?

እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እኩል በተማሩት ዘንድ ልዩነቱ በጠፋ ነበር። አልጠፋም። ባርኬ፣ ጄንኪንስ ስሚዝና ስሎቪክ በ1997 ባሳተሙት ጥናት ወንድና ሴት ሳይንቲስቶችን ስለ ኑክሌር ቴክኖሎጂ አደጋ ጠይቀው ነበር። ሴቶቹ ሳይንቲስቶች ከወንድ ባልደረቦቻቸው የበለጠ አደጋ ታይቷቸዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ዕድሜዋን ላሳለፈች ሴት «ሳይንስ ስለማታውቂ ነው» ሊባል አይችልም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዴቪድሰንና ፍሮይደንበርግ ስለ አካባቢና ቴክኖሎጂ አደጋ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩም የእውቀት ማነስ መላ ምት ድጋፍ አላገኘም። የወላጅነት ኃላፊነት የተቀላቀለ ውጤት አሳየ፤ አንዳንድ ጥናት ሲደግፈው ሌላው አልደገፈውም። በተደጋጋሚ ጸንተው የቆሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ለጤናና ለደኅንነት የሚሰጠው ክብደት፣ እንዲሁም በተቋማት ላይ ያለው እምነት።

እምነት የሚለውን እንያዝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1994 ፍሊን፣ ስሎቪክና መርትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1,500 በላይ አሜሪካውያንን ከኑክሌር ቆሻሻ እስከ መኪና አደጋ ድረስ ስላሉ ልዩ ልዩ ስጋቶች ጠየቁ። እንደተለመደው ወንዶች ከሴቶች ያነሰ ስጋት አሳዩ። ተመራማሪዎቹ ግን እዚያ አላቆሙም፤ ሰዎቹን በዘርም ከፋፍለው ተመለከቱ። በነጭ ወንዶች ብቻ ነበር ውጤቱ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ዝቅ ያለው። ነጭ ያልሆኑ ወንዶችና ሴቶች ተቀራራቢ ነበሩ። ጠለቅ ብለው ሲያዩ ደግሞ ነጮቹ ወንዶችም ሁሉ አንድ አልነበሩም። ልዩነቱን የፈጠሩት ከመካከላቸው 30 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ስጋቶቹን እጅግ አቅልለው ያዩ ሰዎች። እነዚህም ከሌሎቹ ይልቅ የተሻለ ትምህርትና ገቢ ያላቸው፣ በፖለቲካ ወግ አጥባቂ የሆኑ፣ በባለሥልጣናትና በተቋማት ላይ የበለጠ እምነት ያላቸው፣ ውሳኔው ለሕዝቡ ይሰጥ የሚለውን ሐሳብም የማይወዱ ሆነው ተገኙ።

ይህ ግኝት ጥያቄውን ገልብጦታል። ለዓመታት «ሴቶች ለምን ይፈራሉ?» ሲባል የወንዶቹ መልስ መለኪያ፣ የሴቶቹ ደግሞ ከመለኪያው የወጣ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። መረጃው ግን ከሌላው ሕዝብ ተለይቶ የወጣው በተመቸ ቦታ ላይ የተቀመጠ አንድ የወንዶች ክፍል መሆኑን አሳየ። ቴክኖሎጂን የሚፈጥረው፣ የሚቆጣጠረውና የሚያተርፍበት ሰው አደጋውን አቅልሎ ቢያይ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ነገሩ ከእጁ ሲወጣ የሚያስተካክለው ራሱ ወይም እሱን የሚመስል ሰው እንደሆነ ያውቃልና። ከውሳኔው ርቆ የቆመ ግን ይህ መተማመኛ የለውም። በስዊድን የተካሄደና በ2011 የታተመ ጥናት ይህን ሐሳብ የሚያጠናክር ነገር አግኝቷል። በአንጻራዊነት የፆታ እኩልነት በሰፈነበት በዚያ አገር በወንዶችና በሴቶች የስጋት ግንዛቤ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ ከውጭ አገር የመጡ ነዋሪዎች ግን ከሌላው የበለጠ ስጋት ነበራቸው። ልዩነቱ የሴትነት ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ስዊድን ሲደርስ ባልጠፋ ነበር።

እርግጥ እነዚህ ጥናቶች የጠየቁት ስለ ብዙ ዓይነት ስጋት እንጂ ስለ ምግብ ብቻ አይደለም። ምግብ የራሱ የሆነ ነገር አለው። አንባቢ ልብ ይበለው ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። የአረም ማጥፊያን የሚቋቋም አኩሪ አተር የሚጠቅመው ማንን ነው? የዘሩን ኩባንያና በሰፊ መሬት ላይ የሚያመርተውን ገበሬ። በላተኛው ምን ያገኛል? ምግቡ አይጣፍጠው፣ ይበልጥ ገንቢም አይሆንለት። ጥቅም የሌለበትን ነገር፣ ስጋቱ ኢምንት ነው ቢባልም፣ ለምን ልቀበል ብሎ መጠየቅ ጤናማ አስተሳሰብ ነው። በሌላ በኩል ለስኳር ሕሙማን የሚሰጠው ኢንሱሊን በዘረመል ምሕንድስና በተለወጡ ባክቴሪያዎች መመረት ከጀመረ ከ1982 ወዲህ አራት አስርት ዓመታት አልፈዋል፤ በእሱ ላይ ግን በምግቡ ላይ የተነሳው ያህል ቁጣ አልተነሳም። ጥበቡ አንድ ነው። የተለየው ጥቅሙ ለሚወስደው ሰው በግልጽ መታየቱ ነው።

በአብዛኛው ዓለም ደግሞ ምግብ የመግዛት፣ የማብሰልና ልጅ የማብላት ሥራ በሴቶች ጫንቃ ላይ እንዳለ የሚታወቅ ነው። ልጅ ቢታመም «ምን አበላሽው?» የምትባለው እናት ናት። ስህተቱ ቢፈጠር ተጠያቂዋ እሷ፣ ትርፉ ቢገኝ ግን ተጠቃሚው ሌላ ሲሆን ሚዛኑ ወደ ጥንቃቄ ቢያደላ ምን ይገርማል?

ከዚህ በተጨማሪ ታሪክም አለ። «አያሰጋም» የሚለው ቃል ለሴቶች ከዚህ በፊትም ተነግሯቸዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮች የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ሆኖ ቀረበ፤ በ1961 ከገበያ እስኪነሳ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም ሌላ ጉዳት ደርሶባቸው ተወለዱ። ዲኢኤስ የተባለው ሰው ሠራሽ ሆርሞንም ፅንስ እንዳይጨነግፍ በሚል ለሠላሳ ዓመት ገደማ ለነፍሰ ጡሮች ሲታዘዝ ኖረ፤ በ1971 በማኅፀን ሳሉ በተጋለጡ ሴት ልጆች ላይ ብርቅ የሆነ የካንሰር ዓይነት መታየቱ ሲታወቅ ነው ማስጠንቀቂያ የወጣው። በ1990 የእንግሊዝ የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ጆን ገመር «የእብድ ላም በሽታ» የተባለው የከብቶች ወረርሽኝ በሰው ላይ አይደርስም ለማለት በካሜራ ፊት ትንሿ ልጃቸውን ሃምበርገር አበሉ። በ1996 መንግሥታቸው በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አመነ። ልውጥ አኩሪ አተር ወደ አውሮፓ ወደቦች መድረስ የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። ከዚህ የከፋ ጊዜ ሊመረጥለት አይችልም ነበር።

እነዚህ ታሪኮች በልውጥ ሰብል ላይ ማስረጃ አይደሉም፤ ታሊዶማይድ ስለ በቆሎ የሚነግረን ነገር የለም። በአስተያየት ጥናቱ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ይህን ያህል ነው ብዬም አልለካሁም። ነገር ግን ባለሙያ ሲናገር «ማን ነው የሚለው? ማን መረመረው? ከስንት ዓመት በኋላ ነው የሚታወቀው?» ብሎ መጠየቅ አላዋቂነት አለመሆኑን ያሳያሉ። ያለፈውን ማስታወስ ነው።

መፍትሔ የሚመስለው ነገርም ከዚሁ አቅጣጫ ይመጣል። የቨርሞንት ግዛት በ2016 ልውጥ ምግብ መለያ እንዲለጠፍበት ማስገደድ ስትጀምር ኩባንያዎች ሸማቹ ይደነግጣል ብለው ተከራክረው ነበር። ኮሎዲንስኪና ላስክ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ያገኙት ግን ተቃራኒውን ነው፤ በቨርሞንት ለልውጥ ምግብ የነበረው ተቃውሞ ከሌላው የአሜሪካ ክፍል አንጻር በ19 በመቶ ቀንሷል። ሰዎች የሚበሉትን ለይተው ማወቅና መተው ሲችሉ ፍርሃታቸው ቀለለ። አንድም የዘረመል ትምህርት አልተሰጣቸውም፤ የተሰጣቸው መምረጥ ነው።

ዝምታውና ድብቅነቱ ሲቀጥል የሚጠቀሙ ደግሞ አሉ። ገበያው ዘረመሉ አልተለወጠም የሚል መለያ በጨው ላይ ሳይቀር ለጥፎ ይሸጣል። ጨው ማዕድን ነው፤ የሚለወጥ ዘረመል ከቶ የለውም። እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች በእናቶች ላይም ያነጣጥራሉ። ጥርጣሬዋን አላዋቂነት ብሎ የሚያጣጥላት ባለሙያ በአንድ በኩል፣ ጥርጣሬዋን ለትርፍ የሚያባብስ ነጋዴ በሌላ በኩል ቆመዋል፤ የጠየቀችውን በቀጥታ የሚመልስላት ግን የለም። ይህ የሚያስቆጣኝ ነገር ነው።

ከአሁን በኋላ የሚወጡ ጥናቶችን ስናነብ የምንጠይቀውን ማስተካከል እንችላለን። መጀመሪያ መጠይቁ ስለ የትኛው ምግብ እንደጠየቀ እንይ። በፊሊፒንስ በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በ2024 በፍርድ ቤት የታገደው፣ ለቫይታሚን ኤ እጥረት ተብሎ የተሠራው ወርቃማ ሩዝ ኬሚካል ከሚቋቋመው አኩሪ አተር ጋር በአንድ ስም ተጠርቶ ሊመዘን አይገባም፤ የሩዙ ጥቅም የታሰበው ለበላተኛው፣ በተለይም ለሕፃናት ነውና። ቀጥሎ «አላውቅም» ያሉት ምን ያህል እንደሆኑና በሪፖርቱ ላይ የት እንደተቀመጡ እንፈልግ። መጠይቅ ለሚያዘጋጁ ደግሞ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ እለምናለሁ፤ ምግቡ ያሰጋል አያሰጋም ከሚለው ጎን፣ መልስ ሰጪዋ እንዲመረምርላት የምታምነው ማንን እንደሆነ ይጠይቋት።